የአሮጌ ፒካፕ ወንበር ማደስና መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ የሚነዱ ሰዎች ስለ ወንበር ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ አብዛኛው መልስ ለሌሎች አሮጌ ፒካፖችም ይሠራል።

ወንበሬ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

የተቀደደ ልብስ ዓይን ይስባል እንጂ ዋናው ምልክት እሱ አይደለም። የመቀመጫውን መሃል በመዳፍዎ ወደ ታች ይጫኑት። ሽቦ ወይም ብረት ከነካዎት ስፖንጁ አልቋል። ከዚያ መደገፊያውን ከላይ ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይወዝውዙት። ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከሰሙ ወይም ወንበሩ ከነሐዲዱ፣ ማለትም ከሚንሸራተትበት ብረት ጋር፣ ከተነቃነቀ ነገሩ ከምቾት አልፏል።

የሹፌሩን ወንበር ግራ ጠርዝ በተለይ ይዩት። እኛ ሀገር መሪው በግራ ነው፤ ሹፌር ሲገባም ሲወርድም በዚያ ጠርዝ ላይ ተንሸራቶ ነው። ከፍ ባለ ፒካፕ ላይ ደግሞ ሰውነቱን ሁሉ ጥሎበት ይወርዳል። ስለዚህ ግራው ከቀኙ ቀድሞ ይሟሽሻል። ዳሌዎ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ረጅም መንገድ ከነዱ በኋላ ወገብዎን የሚያምዎት ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ይፈልጉ። ጋቢ አጥፈው ከሥርዎ እያደረጉ መንዳት ከጀመሩ ደግሞ ምልክት መፈለግ አያስፈልግዎትም።

ልብሱን ብቻ ባስቀይርስ?

ስፖንጁና ከሥሩ ያለው ሽቦ ጤነኛ ከሆኑ ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደሉም። ሃያ ዓመት የተቀመጡበት ስፖንጅ ላይ አዲስ ሌዘር ማልበስ የሰመጠውን ነገር መሸፈን ብቻ ነው። ከሥሩ ባዶ ስለሆነ አዲሱ ልብስ በወራት ውስጥ ይጨማደዳል፤ ስፌቱ ይወጠርና እዚያው ቦታ ላይ ይቀደዳል።

የአባቴ ፒካፕ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ልብስ ተቀየረለት። ሁለቱንም ጊዜ ሲወጣ ያምር ነበር። በሦስተኛው እኔ ራሴ ገልጬ ሳየው ከሥሩ ሁለት ሽቦዎች ተሰብረው በአጥር ሽቦ ታስረዋል። ሠሪው አይቶታል፤ ግን አልነገረንም። አባቴ በዚያ ወንበር ላይ ነበር በሳምንት ሁለት ጊዜ ደብረ ብርሃን የሚመላለሰው። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ልብሱ ሲገለጥ እርስዎ እዚያው ቆመው ይዩ።

ማደስ ይሻላል፣ አሮጌ ወንበር መግዛት ወይስ አዲስ?

ለአብዛኛው ሰው ማደስ። የራስዎ ወንበር ከመኪናዎ ወለል ጋር ልክ ነው፤ ብሎኑም ቀበቶውም ቦታው ላይ ነው። ብረቱ ካልተሰበረና በዝገት ካልተበላ ስፖንጁን፣ ሽቦውንና ልብሱን ቀይሮ ለብዙ ዓመት መንዳት ይቻላል።

አሮጌ ወንበር መግዛት የሚያዋጣው የራስዎ ብረት ሲሰበር ወይም ሐዲዱ ጥርሱ ተበልቶ አልይዝ ሲል ነው። ለአሮጌ ፒካፕ ሙሉ አዲስ ወንበር ከፋብሪካው ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ቢገኝም ዋጋው መኪናው ላይ ከምናወጣው ጋር አይመጣጠንም። ገበያ ላይ አዲስ እየተባለ የሚቀርበውም ብዙ ጊዜ የታደሰ አሮጌ ነው። የታደሰ መሆኑ ክፋት የለውም፤ ግን እንደ አዲስ አይክፈሉበት።

ዋጋ ሲጠይቁ አንድ ድምር አይቀበሉ። ስፖንጁ ስንት፣ ልብሱ ስንት፣ የእጅ ስንት ብለው ለየብቻ ያስነግሩ። ዋጋው አንድ ላይ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጎድለው ስፖንጁ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም።

አሮጌ ወንበር ስገዛ ምኑን ልይ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለአሮጌ የመኪና ዕቃ ብዙ ሰው መርካቶ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። የትም ይግዙ የት ወንበሩን ገልብጠው ይዩት። የላዩ ልብስ ለጊዜው ይቅር፤ ስፖንጁም ይቅር። ሁለቱም ይቀየራሉ። የማይቀየረው ብረቱ ነው።

መደገፊያውና መቀመጫው የሚገናኙበትን ማጠፊያ በደንብ ይመርምሩ። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቀለም በላዩ ላይ በቅርቡ የተቀባ ከሆነ ለምን ብለው ይጠይቁ፤ የብየዳ ጠባሳ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ሐዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራተው በየቦታው ቀጭ ብሎ መቆለፉን ይፈትሹ። ሁለቱ ሐዲዶች እኩል መቆለፍ አለባቸው። አንዱ ቆልፎ ሌላው ከቀረ ወንበሩ ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። አፈር፣ የደረቀ ጭቃ ወይም የውኃ መስመር ብረቱ ላይ ካዩ መኪናው ጎርፍ የገባው ሊሆን ስለሚችል ይተዉት። የግጭት መኪና ወንበርም ሐዲዱ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። ወንበሩን ለጥ ባለ ወለል ላይ አስቀምጡት፤ አንድ እግሩ ከተንጠለጠለ ጠማማ ነው።

አንድ ምክር ልጨምር። የሹፌር ወንበር ሁልጊዜ ያረጀ ነው። መሪው በቀኝ ከሆነ ሀገር የመጣ ተመሳሳይ ሞዴል ካገኙ ግን የግራው ወንበር የተሳፋሪ ስለነበር ብዙ ጊዜ ብዙም አልተነካም። እኛ ሀገር ሲመጣ ለሹፌር ይሆናል። ብቸኛው ነገር ከፍታ ማስተካከያ ላይኖረው ይችላል።

የቪጎ ወንበር ለድሮው ሃይሉክስ ይገጥማል?

እንዲሁ አይገጥምም። ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የተሠራ መኪና ነው፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ወለሉ በየትውልዱ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ1988 የመጣው፣ በ1997 የተተካው፣ እና እኛ ቪጎ የምንለው ከ2004 በኋላ ያለው ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ሲንግል ጋቢናና ደብል ጋቢናም ይለያያሉ፤ አንዱ ወጥ አግዳሚ ሲኖረው ሌላው ሁለት ነጠላ ወንበር ሊኖረው ይችላል።

ከመግዛትዎ በፊት በአራቱ ብሎኖች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ፤ በርዝመትም በወርድም፣ በሰያፍም። የኋለኛው ብሎን ከፊተኛው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ይጻፉ። ወንበሩ ላይ ያለውን ደግሞ እዚያው ገበያ ይለኩት። በግምት የተገዛ ወንበር መጨረሻው ብየዳ ነው፤ ስለ እሱ ወደ ታች አለ።

ስፖንጅ ምን ዓይነት ልግዛ?

ይህን ጥያቄ ሰዎች እምብዛም አይጠይቁም፤ ቢጠይቁ ግን ደስ ይለኛል። የስፖንጅ ጥራት የሚለካው በክብደቱ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ይመዝናል በሚል። ርካሽ የፍራሽ ስፖንጅ 20 ኪሎ አካባቢ ነው። ለጥቂት ሳምንት ያምርና ይሞታል። ለሹፌር መቀመጫ ከ40 በታች የሆነ አልመክርም። 50 ከተገኘ የተሻለ ነው።

ሻጩ የሚነግርዎትን ማመን ግዴታ የለብዎትም፤ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነና ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ 40 የሚባለው ዓይነት ከሆነ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ ከሆነ 20 ነው። ደግሞ ከባድና ጠጣር አንድ አይደሉም። ከባድ ሆኖ ለስላሳ ስፖንጅ አለ፤ ቀላል ሆኖ ድርቅ ያለም አለ። ጠጣር ስለሆነ ብቻ ጠንካራ ነው ብለው አይግዙ።

የፋብሪካው ስፖንጅ በቅርጽ የተፈሰሰ ነው፤ ጎንና ጎኑ ከፍ ብሎ ጭኑን ይይዛል። ዕድሜው ካላለቀ ሙሉውን አይጣሉት። የሞተውን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ በአዲስ ስፖንጅ ሞልቶ በማስቲሽ ማጣበቅ ይቻላል። ጥሩ ታፒሰሪ (የወንበር ልብስና ስፖንጅ ሠሪ) ይህን ያውቃል። አንድ ነገር ግን ይለምኑት፦ በሽቦውና በስፖንጁ መካከል ጆንያ ወይም ወፍራም ሸራ ያስገባ። ያለ እሱ ሽቦው በየጉድጓዱ ስፖንጁን እንደ መጋዝ እየበላ ይሄዳል።

ሌዘር ወይስ ጨርቅ?

የት እንደሚነዱ ይወስነዋል። ድሬዳዋ፣ ሎጊያ ወይም ሁመራ የሚሠራ ፒካፕ ላይ ሰው ሠራሽ ሌዘር ማልበስ ሹፌሩን መቅጣት ነው። ፀሐይ የመታው ሌዘር ያቃጥላል፤ ላብም ይይዛል። እዚያ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይሻላል። ጭቃ፣ ወተት፣ ሲሚንቶና ከብት የሚመላለስበት የገጠር መኪና ላይ ግን ሌዘር በእርጥብ ጨርቅ መጠረጉ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የምወደው ቅልቅሉን ነው፦ የሚቀመጡበት መሃል ጨርቅ፣ ጎንና ጎኑ ሌዘር። ጎኑ የሚፋቀው ስለሆነ ሌዘሩ እዚያ ይጠቅማል።

ክሩ የፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር ላብና ፀሐይ ቶሎ ይጨርሱታል።

ወንበሩን ራሴ ማውጣት እችላለሁ?

አዎ። ነጠላ ወንበር አብዛኛውን ጊዜ በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው። ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ 14 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። ብሎኖቹን የሚሸፍን የፕላስቲክ ክዳን ካለ በካቻቪቴ ቀስ ብለው ያንሱት። ወንበሩን ወደኋላ ገፍተው የፊቶቹን፣ ወደፊት ስበው የኋላዎቹን ይፍቱ። ከማንሳትዎ በፊት ከሥሩ የቀበቶ ማስጠንቀቂያ ሽቦ እንዳለ አይተው ይንቀሉ።

ሁለት ሰው ይሁኑ። የወንበሩ ሐዲድ ስለታም ነው፤ ጣትም የበር ቀለምም ይጎዳል። በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ማውጣት ይሻላል። ብሎኖቹን ከየት እንደወጡ ጽፈው በፌስታል ያስቀምጡ፤ የፊትና የኋላው ርዝመት ሊለያይ ይችላል።

ብሎኑ በዝገት አልፈታ ቢለኝ?

አያስገድዱት። ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይርጩበት፤ ከመኪናው ሥር ገብተው የብሎኑ ጫፍ የሚታይ ከሆነ ከታችም ይርጩ። ጠዋት ራሱን በመዶሻ ጥቂት መታ መታ ያድርጉት። ከዚያ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው። እንዲህ እያመላለሱ ይፍቱት።

ቢሰበር ወለሉ ላይ የተበየደው ዳዶ ውስጥ ይቀራል። ያን ጊዜ ተበስቶ ይወጣና ጥርሱ ይጸዳል። የአሮጌው ብሎን ልክ የሆነ፣ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር የታተመበት ብሎን ይግዙ። ቁጥር የሌለው የበርና የመስኮት ብሎን ለዚህ ሥራ አይሆንም። በዚህ ነገር ላይ ቁጠባ የለም። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 17 መሠረት የወንበር ማሰሪያ ከስበት ኃይል 20 እጥፍ የሚሆን ድንገተኛ መቆምን መቻል አለበት። 20 ኪሎ የሚመዝን ወንበር በዚያች ቅጽበት ራሱ ብቻ 400 ኪሎ ሆኖ ብሎኖቹን ይስባል። የቀበቶው መቆለፊያ ወንበሩ ላይ ከታሰረ ደግሞ የሰውየውም ክብደት ይጨመርበታል።

ወንበሩ አልንሸራተት ይላል። ሐዲዱ ይቀየር?

ብዙ ጊዜ አይቀየርም፤ ይጸዳል። የፒስታ መንገድ አቧራ ከአሮጌ ግሪስ ጋር ተቦክቶ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ከልጆች ብስኩትና ከሳንቲም ጋር ማለት ነው። በናፍጣና በብሩሽ ይጠቡት፣ ያድርቁት፣ ከዚያ ስስ ግሪስ ይቀቡት። ብዙ ከቀቡ አቧራውን መልሰው ጠሩት ማለት ነው። የመቆለፊያው ጥርስ ከተበላ ግን ማጽዳት አያድነውም፤ ሐዲዱ ይቀየር።

ወንበሩን ሳወጣ ወለሉ ዝጎ አገኘሁት። ምን ላድርግ?

እንኳን አዩት። ሞኬቱን (የወለሉን ምንጣፍ) ሙሉ በሙሉ ያንሱ፤ በካቻቪቴ ጫፍ ወለሉን ይውጉት። ጠንካራ ሆኖ ከመለሰልዎት ላይ ላዩን ዝገት ነው፤ በብረት ብሩሽ ተፍቆ ፀረ-ዝገት ቀለም ይቀባል። ካቻቪቴው ገብቶ ከቀረ ያ ክፍል ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። በተለይ ብሎኖቹ ዙሪያ ከሆነ ሳይበየድ ወንበሩን መልሰው አይሰሩት።

ውኃው ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ግን ምንም አይጀምሩ። አንድ ሰው ከውጭ ውኃ ያፍስስ፣ እርስዎ ከውስጥ ይዩ። የፊት መስታወቱ ጎማ ወይም የበሩ ጎማ ሊሆን ይችላል። ብየዳ ሲሠራ ወንበሩም ሞኬቱም ከጋቢናው ውጭ ይሁኑ፤ ስፖንጅ እሳት ሲነካው በጣም ቶሎ ይያያዛል፣ ጭሱም መርዝ ነው። የባትሪውም ኔጋቲቭ ይነቀል።

ወንበሬ ኤርባግ አለው። የሚለይ ነገር አለ?

በጣም አለ። በድሮዎቹ ላይ ይህ አያሳስብም፤ ቀረብ ባሉት ላይ ግን የወንበሩ ጎን ላይ ኤስ አር ኤስ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካዩ ወይም ከሥሩ ቢጫ ማገናኛ ያለው ሽቦ ካለ ይጠንቀቁ። ቁልፉን አጥፍተው የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉና ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይጠብቁ። እኔ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ሽቦው ተነቅሎ ሳለ ቁልፉን አይክፈቱ፤ የኤርባግ መብራቱ በርቶ ይቀራል።

እንደነዚህ ባሉት ወንበሮች ላይ ጎኑን ድፍን አድርጎ የሚሸፍን ልብስ አያልብሱ። ኤርባጉ የሚወጣው ስፌቱን ቀዶ ነው። በድርብ ክር ተሰፍቶ ከታፈነ መውጫ ያጣል።

የሌላ መኪና ወንበር በብየዳ ላስገጥም?

ጠያቂው ብዙ ነው፤ ጋራዥ ውስጥም ይሠራል። እኔ አልመክርም። የወንበርና የሐዲድ ብረት ስስ ሆኖ እንዲጠነክር ተደርጎ የተሠራ ነው። ብየዳ ሲነካው ከጎኑ ያለው ብረት ጥንካሬው ይወርዳል፤ ዝገት የሚከላከለው ልባሱም ይቃጠላል። ከውጭ ሲያዩት ግን ወፍራም ጠባሳ ስለሆነ አስተማማኝ ይመስላል። ፌሮ ብረት ቆርጠው እግር ያበጁለት ወንበር አይቻለሁ። ያ ወንበር ቆሞ ይይዛል፤ በግጭት ጊዜ ይዞ ስለመቆየቱ ግን ማንም ሊነግርዎት አይችልም።

ሌላ አማራጭ ከሌለ ወንበሩ ራሱ ሳይነካ ከሥሩ በብሎን የሚታሰር ማስማሚያ ከወፍራም ላሜራ ይሠራ፤ በወለሉ የራሱ አራት ቀዳዳዎች ይታሰር። ብየዳ ካስፈለገ ማስማሚያው ላይ ብቻ ይሁን፣ ከመኪናው ውጭ።

ኋላው ላይ ወንበር ልጨምር እችላለሁ?

ጭነት ላይ አግዳሚ አስሮ ሰው መጫን ሊብሬው ላይ ከተጻፈው የሰው ልክ ይወጣል። በዓመታዊ ምርመራ ሊያስጥልዎት ይችላል፤ አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንስ ጋር ክርክር ውስጥ ያስገባዎታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ቀበቶ የሌለው ሰው ከክፍት ጭነት ላይ ይወረወራል። አያድርጉት። የአሮጌውን ወንበር በተመሳሳይ ወንበር መተካት ግን የሰው ልኩን አይቀይርም።

ካሳደስኩ በኋላ ከፍ ብዬ ጣሪያው ሊነካኝ ነው፤ ፔዳሉም ራቀብኝ። ይስተካከላል?

ግማሹ ይስተካከላል። አዲስ ስፖንጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ይወርዳል፤ ከአንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ግን አይጠብቁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ስፖንጁ ወፍሯልና ወደ ሠሪው ይመለሱ። ለዚህ ነው ወንበሩ ከመውጣቱ በፊት ከመቀመጫው መሃል እስከ ጣሪያው ለክተው እንዲጽፉ የምመክረው። ያኔ ከሠሪው ጋር በቁጥር ነው የምትነጋገሩት። የለመዱት ዝቅታ የሞተ ስፖንጅ ዝቅታ መሆኑንም ያስቡ፤ መስታወቶቹን በአዲሱ ከፍታ እንደገና ያስተካክሉ።

መልሰው ሲያስሩ አራቱንም ብሎን መጀመሪያ በእጅ ያስገቡ። አንዱን አጥብቀው ሌላውን ካስገቡ ቀዳዳው አይገጥምም። ቶዮታ ለብዙ ሞዴሎቹ የወንበር ብሎን ማጥበቂያ ልክ 37 ኒውተን ሜትር ይላል፤ የራስዎን መኪና ማኑዋል ካገኙ በእሱ ይሂዱ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ቁልፉን ይዘው አራቱን አንድ በአንድ ይፈትሹ።